በአንድ ምልክት የሚነበብ ምስጢር

ጄንኪንስ በተባለው የአውቶሜሽን ሰርቨር ሶፍትዌር ላይ የተገኘውና ሲቪኢ-2024-23897 የሚል መለያ ቁጥር የተሰጠው የደህንነት ክፍተት ይፋ የሆነው ረቡዕ ጥር 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ክፍተቱ ምንም መብት የሌለው ሰው ከሩቅ ሆኖ በሰርቨሩ ውስጥ የተቀመጡ ፋይሎችን እንዲያነብ መንገድ የሚከፍት ሲሆን፣ ለአደገኛነቱ ከ10 ነጥብ 9.8 ተሰጥቶታል። ያገኘው ሶናርሶርስ በተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ የሚሠራው ተመራማሪ ያኒቭ ኒዝሪ ነው። የጄንኪንስ አዘጋጆች ማስጠንቀቂያውን ያወጡት መድኃኒቱን ይዘው ነበር፤ ክፍተቱ የተደፈነባቸው 2.442 እና 2.426.3 የተባሉ ቅጂዎች በዚያው ዕለት ተለቀቁ።

ዕለቱ ጥምቀት ካለፈ አራተኛው ቀን ነው። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ደግሞ ግማሽ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን የጠፋው የሞባይል ዳታ በአንዳንድ ከተሞች መመለስ የጀመረው በ2016 ክረምት ነበር። ስለዚህ በደብረ ማርቆስ ወይም በደጀን የሚኖር የኮምፒውተር ባለሙያ ማስጠንቀቂያውን በስልኩ ሊያይ፣ ማሻሻያውንም በስልኩ መስመር ሊያወርድ አይችልም ነበር። የክፍተቱ ታሪክ ከዚህ ተነጥሎ ሲነገር ግማሹ ይጎድለዋል።

ጄንኪንስን እ.ኤ.አ. በ2004 መጻፍ የጀመረው ኮስኬ ካዋጉቺ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው። በጊዜው ሰን ማይክሮሲስተምስ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ የሶፍትዌሩም የመጀመሪያ ስም ሃድሰን ነበር። ኦራክል እ.ኤ.አ. በ2010 ሰንን ከጠቀለለው በኋላ በስሙ ባለቤትነት ላይ ክርክር ተነሣ፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ አብዛኞቹ አዘጋጆች ኮዱን ይዘው ወጡና ጄንኪንስ አሉት። ማንም በነፃ አውርዶ የሚጠቀምበት፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። የፈቃድ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ለመክፈል ለሚቸገር አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ተማሪ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ሊማርበት፣ አንድ ትልቅ ባንክም ሥራውን ሁሉ ሊያንቀሳቅስበት ይችላል።

ሥራው የሶፍትዌር ምርትን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለ ሰው እጅ ማካሄድ ነው። ፕሮግራመሩ የጻፈውን ኮድ ወደ ጋራ ማከማቻው ሲልክ ጄንኪንስ ያንን አይቶ ይነሣል። ኮዱን ያወርዳል፣ ወደሚሠራ ፕሮግራም ይቀይረዋል፣ ፈተናዎቹን ያስኬዳል፣ ካለፈ ደንበኞች በሚጠቀሙበት ሰርቨር ላይ ይጭነዋል፣ ካላለፈ ደግሞ ለጸሐፊው መልእክት ይልካል። ቀድሞ አንድ ቡድን ሌሊት ተቀምጦ በእጁ ይሠራው የነበረው በደቂቃዎች ያልቃል።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ግን የሁሉም በር ቁልፍ ሊኖረው ይገባል። የኮድ ማከማቻው የይለፍ ቃል፣ የዳታቤዙ ፓስወርድ፣ ወደ ሌሎች ሰርቨሮች የሚያስገባው የኤስኤስኤች ቁልፍ፣ የክላውድ አገልግሎቱ ምስጢራዊ ኮድ ሁሉ እሱ ዘንድ ተቀምጠዋል። ቄሰ ገበዙ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ እንደሚይዝ ጄንኪንስም የድርጅቱን ቁልፎች በአንድ ቦታ ይይዛል። ጥቃት ፈጻሚዎች ከደንበኞች መረጃ ይልቅ አስቀድመው እሱን የሚፈልጉት ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሶላርዊንድስ በተባለው ኩባንያ ላይ የደረሰው የታወቀ ጥቃትም የተፈጸመው ሶፍትዌሩ በሚገነባበት ማሽን ውስጥ ነበር። እዚያ የገባው ተንኮል አዘል ኮድ በኩባንያው ስምና ፊርማ ታትሞ ወደ 18 ሺህ ለሚጠጉ ደንበኞች ደረሰ።

ጄንኪንስ በድረ ገጽ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ትዕዛዝም ይታዘዛል። አስተዳዳሪው ከራሱ ኮምፒውተር ላይ ትዕዛዝ ይጽፋል፣ ጽሑፉ በኔትወርክ ይሄዳል፣ ሰርቨሩ ተቀብሎ ይፈጽማል። የመጣውን ጽሑፍ ቆራርጦ ይህ ትዕዛዝ ነው፣ ይህ ደግሞ ዝርዝሩ ነው ብሎ የሚለየው አርግስ4ጄ የተባለ የጃቫ ላይብረሪ ነው፤ እሱንም የጻፈው ራሱ ካዋጉቺ ነው። ላይብረሪው ለተጠቃሚ ምቾት ተብሎ የተጨመረ አንድ ባሕርይ አለው። በትዕዛዙ ውስጥ ከ@ ምልክት ጋር የተያያዘ የፋይል አድራሻ ሲያገኝ ፋይሉን ይከፍትና ምልክቱን አውጥቶ በቦታው የፋይሉን ይዘት፣ እያንዳንዱን መስመር እንደ አንድ ቃል ቆጥሮ፣ ይተካል። ረጅም ዝርዝር በየጊዜው ከመጻፍ አንድ ጊዜ ፋይል ላይ አስቀምጦ መጥራት ይቀላል በሚል የተሠራ ነው።

ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ እስከሠራ ድረስ ይህ ጉዳት የለውም፤ ትዕዛዙን የሚጽፈውም የፋይሉም ባለቤት አንድ ሰው ነው። በጄንኪንስ ላይ ግን ጽሑፉን የሚጽፈው አንድ ወገን፣ የሚያነበው ሌላ ወገን ነው። የ@ ምልክቱ ተተርጉሞ ፋይሉ የሚከፈተው በላኪው ማሽን ላይ ሳይሆን በሰርቨሩ ላይ ነው። ባሕርዩ ካላጠፉት በስተቀር ሁልጊዜ በርቶ የሚኖር ሲሆን፣ ጄንኪንስም አላጠፋውም ነበር። ለዓመታት ኮዱን ያነበቡ ሁሉ በአጠገቡ አልፈዋል። ምክንያቱን መገመት አይከብድም፦ ስህተት የሆነ መስመር በጄንኪንስ ኮድ ውስጥ የለም። ላይብረሪው የተባለውን ሠርቷል፤ ጄንኪንስም ላይብረሪውን እንደ ደንቡ ጠርቷል። አደጋው ያለው በሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ነበር።

ክፍተቱ ሲሠራ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ነገር ቀላልነቱ ያስደነግጣል። ማንነቱን ላላስመዘገበ እንግዳ ጄንኪንስ የሚፈቅዳቸው ሁለት ትዕዛዞች አሉ፤ አንደኛው እርዳታ የሚጠየቅበት፣ ሁለተኛው ተጠቃሚው በማን ስም እንደገባ የሚያውቅበት ነው። እንግዳው የእርዳታ ትዕዛዙን ይጽፍና ቀጥሎ @ አድርጎ የሊነክስ ሰርቨሮች የተጠቃሚዎቻቸውን ስም የሚመዘግቡበትን ፋይል አድራሻ ያስከትላል። ሰርቨሩ ፋይሉን ይከፍታል። የመጀመሪያው መስመር የሚፈለገው ቃል ተደርጎ ይወሰዳል፤ ሁለተኛው መስመር ትርፍ ይሆናል። ያን ጊዜ ሰርቨሩ በትሕትና ስህተት ያመለክታል፦ የተሰጠው ዝርዝር በዝቷል ይላል፤ የበዛውም ይህ ነው ብሎ የፋይሉን ሁለተኛ መስመር እንዳለ ጽፎ ይመልሳል። ለተሳሳተ ሰው እርዳታ እንዲሆን የተጻፈ መልእክት ምስጢር አውጪ ሆኖ ተገኘ።

የማንበብ መብት ያለው ተጠቃሚ ከዚህ ብዙ ርቆ ይሄዳል። ብዙ ስሞችን በአንድ ጊዜ የሚቀበል ትዕዛዝ አለ፤ ሥራ የሚያግዙ ሌሎች ማሽኖችን ከጄንኪንስ ጋር የሚያገናኝ ነው። የፋይሉ መስመሮች ሁሉ እንደ ማሽን ስም ተቆጥረው ይገቡለታል። ሰርቨሩም አንድ በአንድ እየጠቀሰ እንዲህ የሚባል ማሽን የለም፣ እንዲህ የሚባልም የለም እያለ ይመልሳል። መልሱ ሲያልቅ ፋይሉ ከራሱ እስከ ጅራቱ ተነብቧል። አንዳንድ ድርጅቶች ደግሞ ሥራው እንዳይጓተት ብለው የማንበብን መብት ላልገባ ሰው ሁሉ ከፍተውታል፣ ወይም ማንም መጥቶ ራሱን እንዲያስመዘግብ ፈቅደዋል፤ በእነዚህ ላይ ሙሉ ፋይል ለማንበብ የይለፍ ቃል አያስፈልግም ነበር።

ማንበብ ብቻ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። በጄንኪንስ ውስጥ የሚቀመጡት የይለፍ ቃሎች ተመስጥረው ቢሆንም መፍቻዎቹ ያሉት በዚያው ማሽን፣ በሌላ ፋይል ውስጥ ነው። ዋናው ቁልፍ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በአንድ ጥያቄ ይወጣል። ከእሱ ጋር የሚሠሩት ሌሎች ቁልፎች ጽሑፍ ሳይሆኑ ጥሬ ባይቶች ስለሆኑ የሚነበቡት እንደ ሰርቨሩ የፊደል አቀማመጥ ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚጠቀም ሰርቨር ላይ ግማሽ ያህሉ ባይት ተበላሽቶ ይመጣል፤ በድሮው የዊንዶውስ አቀማመጥ በሚሠራ ሰርቨር ላይ ግን ከ256 ባይቶች የማይነበቡት 5 ብቻ ናቸው። ለአጥቂው እነዚያን በግምት መሙላት ከባድ አይሆንም። የኤስኤስኤች ቁልፍ በጽሑፍ ተቀምጦ ከተገኘ ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፤ አጥቂው ቁልፉን ይዞ በቀጥታ ወደ ሌላው ሰርቨር ይገባል። ከሎግ ፋይሎች ውስጥ ሳይመሰጠር የተረሳ ፓስወርድ የሚገኝበት ጊዜም ጥቂት አይደለም።

ክፍተቱ ይፋ በሆነ በቀናት ውስጥ የማጥቂያ ኮዱ ለማንም እንዲደርስ ሆኖ ተሰራጨ። ሻዶውሰርቨር የተባለው ድርጅት በዚያው ሳምንት ባደረገው ቅኝት ያልታደሱና ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚታዩ 45 ሺህ ያህል የጄንኪንስ ሰርቨሮች አገኘ። አብዛኞቹ ቻይናና አሜሪካ የሚገኙ ነበሩ፤ ባለሙያ በሞላበት፣ መስመር በማይቋረጥበት ቦታ የተቀመጡ ማለት ነው።

መስመር ለተቋረጠበት አካባቢ ስሌቱ ሌላ ነው። ከዓለም የተለየ ሰርቨር ከሩቅ አጥቂ ለጊዜው ይጠበቃል፤ ኔትወርኩ ውስጥ ካለ ሰው ግን አይጠበቅም። በአንድ ሕንፃ ወይም በአንድ ግቢ ኔትወርክ ውስጥ ያለ ማንኛውም ኮምፒውተር ጄንኪንስ በተለምዶ የሚያዳምጥበትን 8080 የተባለ ፖርት ማንኳኳት ይችላል። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን መስመሩ የሚመለስበት ቀን ነው። ለወራት ሳይታደስ የቆየ ኮምፒውተር፣ ስልክና ሰርቨር ሁሉ በአንድ ጊዜ ከዓለም ጋር ይገናኛል። በሌላው ዓለም ግማሽ ዓመት የሞላው ክፍተት ለእሱ ገና አዲስ ነው፤ ማጥቂያው ግን በደንብ ተፈትኖና ተሻሽሎ ይጠብቀዋል። የኢንተርኔት መቋረጥ ጉዳት ሲቆጠር የንግድና የትምህርት ኪሳራው ይነሣል፤ ይህ የደህንነት ዕዳ ግን እምብዛም አይወሳም። ሊወሳ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ዕዳው የሚከፈለው መስመሩ ከተመለሰ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ችግሩ አለፈ ብሎ በተቀመጠበት ጊዜ ነው።

ክፍተቱ በሰው ኑሮ ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል በግልጽ የታየው በሕንድ ነው። ሐምሌ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የአገሪቱ የክፍያ ኮርፖሬሽን ሲ-ኤጅ ቴክኖሎጂስ የተባለውን ኩባንያ ከብሔራዊው የክፍያ መረብ ነጠለው። ኩባንያው በአብዛኛው በገጠርና በአነስተኛ ከተሞች ለሚሠሩ የኅብረት ሥራና የአካባቢ ባንኮች ሲስተም የሚያቀርብ ነው። በአንድ ጊዜ ወደ 300 የሚጠጉ ባንኮች ደንበኞች ከብሔራዊው የክፍያ አገልግሎት ተቋረጡ። ራንሰምኤክስ በሚል ስም የሚታወቀው ቡድን ፋይሎችን ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ሶፍትዌር ማስገባቱ ታወቀ። ክላውድሴክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ ዱካውን ተከትሎ የደረሰበት ግን ባንኮቹም ጋ ሆነ ሲ-ኤጅ ጋ አልነበረም፤ ብሮንቱ ቴክኖሎጂ ሶሉሽንስ በተባለ ተባባሪ ድርጅት ውስጥ የነበረ፣ በአግባቡ ያልተስተካከለ አንድ የጄንኪንስ ሰርቨር ነበር። መግቢያው ይኸው በጥር የተነገረው ክፍተት ነው። ማሻሻያው ከወጣ ስድስት ወር አልፎት ነበር።

አገልግሎቱ በማግስቱ ተመለሰ። የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት ተቋም ሲሳ ደግሞ በቡሄ ዕለት፣ ነሐሴ 13 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ክፍተቱን በተጨባጭ ጥቃት ከተፈጸመባቸው ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ ለአገሪቱ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እስከ ጳጉሜ 4 ድረስ እንዲደፍኑ ቀን ቆረጠላቸው።

በኢትዮጵያ ከዚህ ጋር የሚቀራረበው ክስተት ጥቃት አልነበረም፤ ከጄንኪንስም ጋር ግንኙነት የለውም። ሆኖም ሲስተምን የማሻሻል ሥራ ራሱ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ከእሱ የተሻለ የሚያሳይ የለም። ዓርብ መጋቢት 6 ለቅዳሜ አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በተማሪዎች ስልክ ከግቢ ግቢ ዞረ፤ በዩኒቨርሲቲዎች ኤቲኤም ማሽኖች ፊት በእኩለ ሌሊት ሰልፍ ተሠራ። ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ። ብሔራዊ ባንክ ምክንያቱ መደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ እንደነበር ገለጸ፤ ንግድ ባንክም የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታወቀ። በዚያች ሌሊት 490 ሺህ ገደማ ግብይቶች ተካሂደው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ ወጥቷል። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ ገንዘቡን በፈቃዳቸው የሚመልሱ ተማሪዎች እንደማይከሰሱ ተናገሩ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ ማስታወቂያ ለጠፉ፤ አብዛኛው ገንዘብ በሳምንታት ውስጥ ተመለሰ። ክፉ ሰው ባልነበረበት፣ በታወቀና በተፈቀደ ማሻሻያ ይህን ያህል ከደረሰ፣ ማሻሻያ የሚጭነውን ማሽን ባዕድ እጅ ቢቆጣጠረው የሚሆነውን ማሰብ ቀላል ነው።

ጉዳዩ ከጎጃም ደጋ ይርቃል የሚል ካለ የገበያ ቀን ደብረ ማርቆስን ይይ። ከጎዛምን የመጣ ገበሬ ሁለት ኩንታል ጤፍ ለነጋዴ ያስረክባል። ነጋዴው ብር አይቆጥርም፤ ስልኩን አውጥቶ *127# ይጽፍና በቴሌብር ይልካል። ይህ መንገድ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ዳታ በተዘጋበት አካባቢም በተራ ስልክ ይሠራል። የገበሬው ስልክ መልእክት መግባቱን ያሰማል። ሰውየው ስልኩን አጠገቡ ላለው ወጣት ይዘረጋለታል።

«ልጄ፣ ገባ ወይ?»

«ገብቷል፣ አባባ። ሒሳብዎም እዚህ ላይ አለ።»

ገበሬው ስልኩን ኪሱ ከትቶ አህያውን ይነዳል። የተዋዋሉት ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ነበር፤ ውሉን የመዘገበው ግን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከዓባይ በረሃ ማዶ ባለ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። ያንን ሶፍትዌር ማን አደሰው፣ በምን ማሽን በኩል ተጫነ፣ የማሽኑን ቁልፍ ማን ይዟል የሚሉት ጥያቄዎች የገበሬው ጥያቄዎች ናቸው፤ ለመጠየቅ ግን መንገድ የለውም። የቁጠባ ደብተር በነበረበት ዘመን የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ደንበኛ ቢያንስ የራሱን ቅጂ በእጁ ይዞ ይመለስ ነበር። ተቋሙ ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል፤ የገጠሩም ገንዘብ በየባንኩ ወደ ዳታቤዝ ገብቷል። ይህ መልካም ለውጥ ነው። የሚያስከትለው ግዴታ ግን በባለሙያዎቹ ትከሻ ላይ ነው፤ ደንበኛው ሊጠብቀው የማይችለውን ነገር በእሱ ፋንታ የመጠበቅ ግዴታ።

ግዴታው ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ለጄንኪንስ ክፍተት ዋናው መድኃኒት 2.442 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ቅጂ መጫን ነው፤ የረጅም ጊዜ ቅጂ ለሚጠቀሙ ደግሞ 2.426.3 ወይም ከዚያ የሚበልጥ። በእነዚህ ቅጂዎች ላይ የ@ ምልክቱ ባሕርይ ጠፍቷል። ወዲያው ማደስ ላልቻለ የጄንኪንስ ቡድን ያቀረበው ጊዜያዊ መፍትሔ የጽሑፍ ትዕዛዙን አገልግሎት ጨርሶ መዝጋት ነው፤ ይህ ሰርቨሩን ሳያጠፉ ይሠራል።

በተግባር የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የወጡት የጄንኪንስ ቅጂዎች በጃቫ 8 ላይ አይሠሩም፤ ክፍተቱ የተደፈነባቸው ቅጂዎች ቢያንስ ጃቫ 11 ይፈልጋሉ። አንድ ጊዜ ተጭኖ እስከሠራ ድረስ አይነካም የተባለ ሰርቨር ያለው ሰው ክፍተቱን ለመድፈን መጀመሪያ ጃቫውን፣ ቀጥሎ ጄንኪንስን፣ ከዚያም አብረው የሚሄዱትን ፕለጊኖች በቅደም ተከተል ማደስ አለበት። መብራት በሚጠፋበትና መስመር በሚንቀረፈፍበት ቦታ ይህ የአንድ ቀን ሥራ ላይሆን ይችላል። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ያደሰ ባለሙያ ግን ጥር 15 ላይ የቀረው አንድ እርምጃ ብቻ ነበር።

መስመር ጨርሶ በሌለበት ማሻሻያው ግንኙነት ካለው ከተማ ተወርዶ በፍላሽ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ፋይሉ በመንገድ ላይ አለመነካቱን አዘጋጆቹ ካወጡት የሻ-256 ማረጋገጫ ቁጥር ጋር ማስተያየት የግድ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ፋይል ሳይመረመር ቁልፎች በተከማቹበት ማሽን ላይ አይጫንም። ሰርቨሩም ለኢንተርኔት በቀጥታ መጋለጥ የለበትም፤ ከቪፒኤን ወይም ከፋየርዎል ጀርባ ሆኖ፣ ሥራው ለሚመለከታቸው ብቻ መከፈት አለበት። ላልገባ ሰው የተፈቀደ የማንበብ መብት ካለም ይነሣል።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የመጨረሻው ሥራ ነው። ማሻሻያው ቀዳዳውን ይደፍናል እንጂ ቀድሞ የወጣውን አይመልስም። ሰርቨሩ ሳይታደስ ለቀናት ክፍት ከነበረ፣ በውስጡ የነበሩ የይለፍ ቃሎች፣ የኤስኤስኤች ቁልፎችና የክላውድ ኮዶች ሁሉ እንደተነበቡ ተቆጥረው በአዲስ መተካት አለባቸው፤ ከጄንኪንስ ብቻ ሳይሆን ከሚከፍቷቸው ሲስተሞችም ላይ። አሮጌ ባክአፕም መረሳት የለበትም። በአሮጌው ቁልፍ የተመሰጠረ ቅጂ በሃርድ ዲስክ ወይም በሌላ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ከቆየ፣ ቁልፉን አስቀድሞ የወሰደ ሰው ቅጂው በእጁ በገባ ቀን ይፈታዋል።